ጎንበስ ያለ ፍቅር

እነሆ፣ በዘወረደ የተጀመረው የ55 ቀን ጾም ሳምንታቱን አንድ በአንድ አሳልፎ ወደ ፍጻሜው ደርሷል። የሆሳዕናውን ዘንባባ በግንባሩ አስሮ፣ በጣቱ ቀለበት አድርጎ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ምእመን ዛሬ በሰሞነ ሕማማት ውስጥ ይገኛል። መስቀል መሳለም ቀርቷል፤ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥም እንዲሁ። በዚህ ሳምንት ከዚህ ዓለም ለሚለዩት ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ደርሷል። ከበሮውና ጽናጽሉ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ዝም እንዳሉ ናቸው። የሚሰማው የግብረ ሕማማቱ ንባብ፣ የሚታየውም የምእመናን ስግደት ነው።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ስመ ብዙ የሆነች አንዲት ዕለት አለች። ጸሎተ ሐሙስ ትባላለች። ሊቃውንቱ የምሥጢር ቀን፣ የሐዲስ ኪዳን ሐሙስ፣ የነጻነት ሐሙስ እያሉም ይጠሯታል። በየቤታችን ግን ስሟ ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ጉልባኑ ነው። የተከካው ባቄላና ስንዴው አብረው ተቀቅለው፣ የኀዘን ሳምንት መሆኑን ለማመልከት ጨው በዛ ተደርጎባቸው ለጎረቤት የሚዳረሰው ጉልባን! ስለ ጉልባን ብዙ ማለት ይቻላል። እኛ ግን በዛሬው የበዓል ዝግጅታችን ልናነሣው የወደድነው ሌላውን ስሟን ነው፤ ሕጽበተ ሐሙስ የተባለችበትን።

ታሪኩን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደተጻፈው፣ ጌታ በመከራው ዋዜማ ከማዕድ ተነሥቶ ልብሱን አኖረ፤ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ በኩስኩስት ውኃ ቀድቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠብ ጀመረ። ጴጥሮስ አይሆንም ብሎ ተከላከለ፤ ቆይቶ እሺ አለ። ብዙ ጊዜ ስናነበው ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር ግን አለ። ይሁዳ ገና ከቤቱ አልወጣም ነበር። ሠላሳውን ብር የተዋዋለው ሰው እግርም በዚያ ውኃ ታጥቧል። ጌታ የሚያጥበውን እግር አልመረጠም።

ይህን ታሪክ በጎንደርና በአካባቢዋ ደጋማ አገሮች ላደገ ሰው መተረክ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቀላልም ከባድም ነው። ቀላል የሚሆነው እግር ማጠብ በዚያ አገር የመጽሐፍ ነገር ብቻ ስላልሆነ ነው። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃን አሞራ ገጠሮች ቀኑ ሲመሽበት “የእግዜር እንግዳ” ብሎ ከደጅ የቆመ መንገደኛ፣ ማን ነህ ከየት መጣህ ሳይባል ወደ ቤት ይገባል። መደብ ይነጠፍለታል። ከምድጃው ላይ ለብ ያለ ውኃ ወርዶ በገበቴ ይቀርባል። ከቤቱ ልጆች አንዷ ወይም እመቤቲቱ ራስዋ ተንበርክካ ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ጭቃ ሲረግጥ የዋለውን እግር አጥባ፣ ስማ ትነሣለች። እንግዳው “እግዜር ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካሽ” ብሎ ይመርቃል። እራቱ የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ባለ፣ ሌሊቱ አጥንት በሚሰብርበት አገር የተጓዘ ሰው ያ ለብ ያለ ውኃ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከባድ የሚሆነው ደግሞ በዚሁ ልማድ ምክንያት ነው። በባህላችን እግር የሚያጥበው ማን ነው? ታናሽ የታላቁን፣ ልጅ የአባቱን፣ ሚስት የባልዋን፣ ደቀ መዝሙር የየኔታውን ያጥባል። ውኃው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። አባት የልጁን፣ ባል የሚስቱን እግር ሲያጥብ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢያይም ይስቅ ይሆናል። የወንጌሉ ነገር የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጴጥሮስም የተከላከለው እግር መታጠብ አዲስ ነገር ሆኖበት አይደለም፤ የአጣቢውና የታጣቢው ቦታ ስለ ተለዋወጠበት ነው። በዚህ ረገድ የጎንደር ገበሬ ጴጥሮስን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

በዕለተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያናችን ይህንኑ የተለዋወጠ ሥርዓት በአደባባይ ትፈጽመዋለች። በርእሰ መዲናዋ ፓትርያርኩ፣ በየአህጉረ ስብከቱ ሊቃነ ጳጳሳቱ፣ በየደብሩ አለቆችና ካህናት ከወንበራቸው ወርደው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ በወይራና በወይን ቅጠል የካህናቱንና የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የደጋ ደብር በዚህ ሥርዓት ላይ ተገኝተን ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ቄስ የሚታጠቡትን በተራ አዳርሰው ከአንድ እረኛ ልጅ ፊት ደረሱ። ልጁ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ፣ ጭቃው ደርቆበት ስለ ነበር አፍሮ እግሩን ወደ ጋቢው ስብስብ አደረገ። ቄሱም ምንም አልተናገሩም። ውኃውን ይዘው እንደ ተንበረከኩ ቆዩ። ልጁ ግራ ቀኙን አይቶ፣ በስተመጨረሻ እግሩን አወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት አልቻልንም፤ ዓይናችን ውኃ ሞልቶ ነበርና።

ጎንደር ከተማ ስለዚህ ጉዳይ የምትናገረው የራስዋ ታሪክ አላት። “አርባ አራቱ ታቦት” እየተባለ በሚነገርላት በዚህች ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ምእመን ዓይኑን ወደ ጣሪያው መላእክት ማንሣቱ የታወቀ ነው። ወደ መቅደሱ ዞሮ ሲጸልይ ግን ፊት ለፊት የሚያገኘው ከሥላሴ ሥዕል ጋር በግድግዳው ላይ የተሣለውን ስቅለት ነው። ሠዓሊው ምእመኑ በጸለየ ቁጥር እንዲያየው የፈለገው ራሱን አሳልፎ የሰጠውን ነው።

ይህ ደብር ራሱ ከጥፋት የተረፈ ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. በሳር ውኃ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ድል በመሆኑ ጎንደር በደርቡሾች እጅ ወደቀች። አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፣ ተማርከውም ተወሰዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ተከላክሎ አተረፈው የሚለው ትውፊት እስከ ዛሬ በከተማይቱ ይነገራል። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ መተማ ዘመቱና መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት በጥይት ቆስለው ዐረፉ። ዕለቱን ከባሕረ ሐሳቡ ጋር ብናስተያየው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁት ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ያለ እርሳቸው ተከበረ።

የንጉሡን ሞት ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። በዚያው ጊዜ ገደማ የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ከፈጀ በኋላ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ስለ ዘለቀው ክፉ ቀንም ብዙ ተጽፏል። ሞፈር የሚጎትት በሬ ጠፍቶ ሰው መሬቱን በእጁ ሲቆፍር፣ በዚያ ረኀብ ውስጥ ማን ለማን የመጨረሻዋን እፍኝ ገብስ እንዳካፈለ፣ የየትኛዋ እናት ድርሻ ለጎረቤት ወላጅ አልባ ልጅ እንደ ተሰጠ ግን የመዘገበ ዜና መዋዕል የለም። እኛ ግን ከዚያ ዘመን የተረፉት ሰዎች የልጅ ልጆች ነን። ከክፉ ቀን ሰው የሚተርፈው ሌላ ሰው ሲያተርፈው ነውና፣ ያልተጻፈው ታሪክ በእኛ መኖር ይታወቃል።

በጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ በመፃጉዕ ሰንበት፣ በመጠመቂያው ዳር 38 ዓመት የተኛው ሕመምተኛ ታሪክ ይነበባል። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው ሰውዬው ያማረረው በበሽታው አልነበረም፤ ውኃው በታወከ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ እንጂ። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ብሎ እስከ ጣና ዳር የሚዘረጋውን የደንቢያን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህን ምንባብ ሲሰማ አንድ ነገር ሊያስታውስ ይገባዋል።

ደንቢያ ለም አገር ነው። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ኑጉ የታወቀ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ግን ውኃው በሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ እህሉ ደርሶ ገበሬው ማጭድ በሚያነሣበት ወቅት፣ የወባ ትንኝ ይራባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በቆላ ድባና በአካባቢው የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በትልልቅ ከተሞች ነው። የደንቢያ ገበሬ መድኃኒቱ በዓለም ላይ ሳይጠፋ ሞተ። እንደ መፃጉዕ፣ የጠፋው የሚያደርሰው ሰው ነበር።

ከዚህ እልቂት በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተባብረው ያቋቋሙት ይህ ተቋም ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን። ሠልጣኞቹ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን እየተላኩ አብረው ሠርተው፣ አብረው ኖረው ይማሩ ነበር። አንዱ ሕመምተኛውን ሲያክም፣ አንዷ ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፤ ሦስተኛው የምንጩን ውኃ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ነጭ ጋዋን ለብሶ መጸዳጃ ማስቆፈር! በዚያ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ቀምሶ፣ ሹመትና ወንበር ሲጠብቅ ለነበረ ወጣት ይህ ቀላል ዝቅታ አልነበረም። እኛ እንደሚመስለን በዚያ ኮሌጅ ከተሰጡት ትምህርቶች ከባዱ ይኸው ነበር።

ትምህርቱ በከንቱ አልቀረም። አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓውያኑ በ1958፣ በ1951 ዓ.ም. መባቻ ማለት ነው፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ተዛምቶ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ከጎንደር የወጡ የጤና ባለሙያዎች በዚያና ከዚያም በኋላ በተከታተሉት ዓመታት መኪና በማይደርስባቸው ወረዳዎች በበቅሎና በእግር እየተጓዙ አገልግለዋል። ኮሌጁ ቆይቶ የሕክምና ትምህርት ቤት ሆኖ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያንኑ ሥራ ቤት ለቤት ይዘውታል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በሰሜን ተራሮች ገደላ ገደል አንዲት ሠራተኛ የክትባት ዕቃዋን ተሸክማ ከጎጥ ጎጥ የምትወጣውንና የምትወርደውን መንገድ በእግሩ የሞከረ ያውቀዋል። እነዚህን ሴቶች ሥራቸውን እንደ ደመወዝ ሥራ ብቻ ቆጥረን የምናልፋቸው ብዙዎች ነን፤ ይህም ፍርዳችንን ያሳንሰዋል።

በጾሙ ስድስተኛ ሰንበት የሚታሰበው ገብር ኄርም የሚነግረን ከዚህ የራቀ አይደለም። ጌታው አምስት መክሊት የሰጠው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተሰጠው ሁለት አተረፈ፤ አንድ የተሰጠው ግን ቆፍሮ ቀበረው። ሦስተኛው አገልጋይ አልሰረቀም፤ አላጠፋምም። የተቀበለውን ሳይጎድል መልሷል። ጥፋቱ የተሰጠውን ለራሱ ደኅንነት ሲል ከጥቅም ውጪ ማድረጉ ነበር። ዕውቀትን ቀብሮ ከማኖር የሚከፋ እንደሌለ የጎንደር የአብነት መምህራን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በበአታ የአቋቋም ጉባኤ ዘንድሮም እንደ ቀድሞው ተማሪ የሚቀበሉ የኔታዎች ዕድሜ ልካቸውን የተማሩትን ዕድሜ ልካቸውን ያስተምራሉ። ተማሪው የትምህርት ክፍያ የለበትም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል፣ ከሌማቷ ቁራሽ የምታወጣለት የመንደር እናት የዚያ ጉባኤ ደጋፊ ናት። አለኝ የምትለው ያው አንድ እንጀራ ሊሆን ይችላል። የአገራችን የዜማና የቅኔ ሀብት በቁራሽ የተገነባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እናቶችን ካነሣን አይቀር፣ ወደየቤታችን እንመለስ። የትንሣኤ ዋዜማ በየቤቱ እንዴት እንደሚያልፍ የማናውቅ አይደለንም። አባወራው በጉን ገዝቶ ያስገባል፤ በሬ የሚታረድበት ሰፈር ከሆነም ለቅርጫው ድርሻውን ይከፍላል። እመቤቲቱ ግን ጠላውን ጠምቃ፣ ድፎውን ደፍታ፣ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ትውላለች፤ ታድራለች። ብዙዎቹ ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ጀምረው አክፍለዋል። እህል ውኃ ያልቀመሰች ሴት ሌሊቱን ሙሉ የሌላውን ምግብ ስታበስል፣ ቅመሱልኝ እያለች ጨውን በሽታ ስትለካ ታድራለች። በማግሥቱ ዶሮው አሥራ ሁለት ተብሎ ሲታደል ለራስዋ የምታስቀረው የትኛውን ብልት እንደሆነ ልጆችዋን ጠይቁ። ይህን ሁሉ “የሴት ሥራ ነው” ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። የሐሙሱ ወንጌል ግን በባህል ታጣቢ የሆነውን ሰው አጣቢ አድርጎታል። አባቶችና ወንድ ልጆች በዚህ ዋዜማ ቢያንስ ውኃውን ቢቀዱ፣ እንጨቱን ቢፈልጡ፣ ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ የደከመችውን እናት አስቀምጠው ማዕዱን ራሳቸው ቢያቀርቡ ከሥርዓት የወጡ አይሆኑም። በአንዳንድ ቤት ይህ ተጀምሯል። ጎረቤት ቢያወራም ጾም ይፈታል።

አንድ ነገር ሳናነሣ ብንቀር ደግሞ ቅር ይለናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በመቅረቱ፣ በራስ ዳሽን ተራራ ዙሪያ የሚገኙት ጃን አሞራና በየዳ፣ እንዲሁም ጠለምት በ2016 ዓ.ም. በድርቅ ተጎድተው እንደነበር ይታወሳል። ከብቱ አለቀ፤ ሰው ቀዬውን ለቅቆ ወደ ከተማ ወረደ። በዚያ ዓመት በእነዚያ ወረዳዎች ጾሙ ሲፈታ የሚፈታበት ያልነበረው ቤት ብዙ ነው። ከምሳችን የተረፈው ለተራበ እንዲሰጥ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ አስተምራለች፤ ጾም ያለ ምጽዋት ከረኀብ የሚለየው በምንድር ነው? የ55 ቀኑ የምሳ ወጪ ተሰልቶ ቢቀመጥ ከአንድ ቤተሰብ እንኳ የሚወጣው ቀላል አይደለም። እንዲህ አድርገው ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በሙዳይ እያጠራቀሙ፣ በቀዳም ሥዑር ለነዳያን የሚያደርሱ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞችን እናውቃለን። ስማቸው እንዲነገር አይፈልጉም፤ እኛም አንነግርም።

ቀዳም ሥዑር በነጋ ጊዜ ካህናቱ ቄጤማቸውን ይዘው በየደጁ ይዞራሉ፤ ምእመኑ እየተቀበለ በራሱ ላይ ያስራል። እኩለ ሌሊት ደወሉ ይደወላል። በደጋው መንደር ከቅዳሴ የተመለሱት ጧፋቸውን ይዘው በጨለማው ዳገት ላይ ሲወርዱ ከሩቅ የኮከብ ሰልፍ ይመስላሉ። ድፎው ተቆርሶ፣ ቤተሰቡ “እንኳን አደረሳችሁ” ከተባባለ በኋላ በብዙ ቤት አንድ ሳሕን ተሸፍኖ ለብቻ ይቀመጣል። ያ ሳሕን አልጋ ላይ ላለው ጎረቤት፣ ባልዋ ለሞተባት፣ ልጆቿ በስደት ለቀሩባት ባልቴት ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ይዞት ይወጣል፤ ገና አልነጋም፤ ወንድሙ ፋኖስ ይዞለት ከኋላው ይከተላል።

ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።